ከአራተኛ ፎቅ ወደ ድንኳኑ

ረቡዕ

ፈረምኩ። በደንብ ሳላነበው ፈረምኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ኢንጂነር ደረጃው ላይ ወረቀት ይዞ ቆሞ፣ «ምድር ቤት ያሉት ሰዎች የመኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ሊተክሉ ነው፤ እንቃወም» አለኝ። እንኳን መኪና ብስክሌትም የለኝ! ግን ከላይ ካሉት ጎረቤቶቼ በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ስለሆነ እምቢ ማለት ከበደኝ።

ኮንዶሚኒየማችን እንዲህ ነው። ላይ ያለነው ዕጣ የወጣልን፣ ከየሰፈሩ የመጣን ነን። ምድር ቤት ያሉት የጥንት የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው፤ የቀበሌ ቤታቸው ፈርሶ እዚሁ የተሰጣቸው። ደረጃ ላይ እንኳን አንገናኝም፤ እነሱ ምን ሊሠሩ ይወጣሉ?

ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል። ከገባሁ ስድስት ወር አልፎኝም በሬን በራሴ ቁልፍ ስከፍት ልቤ ይዘላል። የቀረኝ ጭንቀት የእማዬ ነገር ነው። ከደብረ ብርሃን ካመጣኋት ሁለት ወር ሆናት፤ ሻንጣዋን እስካሁን አልፈታችውም። «ሰኞ እሄዳለሁ» ብላለች።

ሐሙስ

ዛሬ እማዬን አፋጠጥኳት።

ጉልበትሽ ነው? አይደለም።
ምግቡ ነው? አይደለም።
እኔ ነኝ? «አንቺማ ልጄ ነሽ።»
ታዲያ ምንድን ነው?
«እዚህ ብሞት ማን ያውቀኛል? የምትቀብሩኝ አንቺና ያ ዘበኛ ብቻ ናችሁ።»

እውነቷን ነው። እኔ ራሴ የጎረቤቶቼን ስም አላውቅም። ግን እንድትሄድብኝ አልፈልግም። ይሄን ቤት ስጠብቅ የኖርኩት ከሷ ጋር ልኖርበት ነው።

ድንኳኑ ፊርማችንን ከቁብ ሳይቆጥር መኪኖቹ መሀል ተተከለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዓርብ

ጉድ! ጉድ! ጉድ!

ከሥራ ስመለስ እማዬ ብርድ ልብስ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራለች። አመመሽ? አልኳት። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና ነገረችኝ። ከበረንዳው ቁልቁል ድንኳኑን አየችው። ሥሩ ሴቶች ተቀምጠው ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ይጠርጋሉ። ለቅሶ ነው አለች በሆዷ። ደብረ ብርሃን ለቅሶ ለመድረስ ጥሪ የሚጠብቅ የለም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አራቱን ፎቅ በዚያ ጉልበቷ ወርዳ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች።

ሴቶቹ ለሠርግ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር!

አንዷ ከድንጋጤዋ የተነሳ ቢላዋዋን ጣለች አለችኝ። ሙሽራዋም እዚያው ነበረች። ሳቄ አመለጠኝ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀና ስል እማዬ የእውነት ታለቅሳለች። «በሰው ልጅ ሠርግ ላይ አሟረትኩ። ሰኞን አልጠብቅም፤ ነገ እሄዳለሁ።» ሳቄ ቀጥ አለ። እኔ ይቅርታ ጠይቄ እስክመለስ ብቻ ቆይልኝ ብዬ ለመንኳት።

ቅዳሜ

የሙሽራዋ እናት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ይሄን ለማወቅ ስድስት ወር ፈጀብኝ!

«ትናንት እያለቀሰች የገባችው እናቴ ናት» ብዬ ስጀምር ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «እኛማ እስካሁን መሳቅ አላቆምንም» አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከላይ ካላችሁት ውስጥ፣ ሐዘን ገጥሟቸዋል ብሎ ወደ እኛ የወረደ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።»

በቃ፣ መቻል አቃተኝ። «ድንኳኑ እንዳይተከል ከፈረሙት አንዷ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ማን ጠየቀኝ! ቢላዋ አቀበሉኝ። «እንግዲያውስ ይቺን ጆንያ ሽንኩርት ጨርሺና እንታረቃለን።»

ጨረስኩ! ዓይኔ አብጧል፣ ጣቴ ተቆርጧል፣ የስምንት ሴቶች ስም አውቄአለሁ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ራሳቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። «እናቴ፣ የትናንቱ ለቅሶ እንዲሻር ነገ ልጄን የሚመርቁልኝ እርስዎ ነዎት» አሏት። እማዬ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ገፋ አደረገች። «ሀበሻ ቀሚሴን ከሻንጣው አውጪልኝ» አለችኝ።

እሑድ

እግሬ አልቋል፤ ጨፍሬ ጨፍሬ! ኢንጂነሩ መኪናውን በጠዋት አንስቶ ደምበል ሕንጻ አካባቢ ወስዶ አቆመ። ሚስቱ አስገድዳው ነው አሉ። ጥሬ ሥጋው ጋ ደግሞ ማን ቀድሞ ቢገኝ ጥሩ ነው? እሱ!

እማዬ «ውለዱ ክበዱ» ብላ ጀምራ ማቆሚያ አጣች። ዲጄው ሙዚቃውን ሊለቅባት ሲል እትዬ አስካለ ገላመጡት። «አሜን!» ሲባል ላይ ያለውም ምድር ቤት ያለውም አንድ ላይ አለ። አለቀስኩ፣ ማለቴ፣ ደስ ብሎኝ። ነገ ግን ሰኞ ነው፤ ልጠይቃት ፈራሁ።

ሰኞ

እማዬን አውቶቡስ ላሳፍር ከሥራ አስፈቅጄ ቀረሁ። ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ድንኳኑ እየተነቀለ ነው። እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የሷን ግማሽ የሚያህል ድስት ታጥባለች።

«አውቶቡሱ እኮ!» አልኳት።

«ሐሙስ ቅልቅል ነው፤ ተጠርቻለሁ» አለች ቀና እንኳን ሳትል።

«ከዚያስ?»

ድስቱን ደፋችው። «የሰፈሩ ሰው ቤቱ ፈርሶ ሲነሳ እድራቸው ሳስቷል አሉ። አስካለ አስመዘገበችኝ።» ከዚያ አረፋ በነካው እጇ የመኪና ማቆሚያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየችኝ፤ ፊቷ በርቷል። «የኔም ድንኳን እዚሁ ነው የሚተከለው። ሰፊ ነው አይደል?»

ሰፊ ነው አልኳት።