ለበለዲዬ ሹማችን፦ ስለ ጉሙ፣ ስለማይደርቀው ልብስና ስለ እሑዱ ዱዓ

ክቡር የከተማችን ማዘጋጃ ቤት፣ ያኒ የበለዲዬ፣ ሹም ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ይህን ጉም ዓመቱን ሙሉ የሚስበው ደረትዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ አላህ ይመስገን በሁለት ሹራብና በአንድ የማዳሜ አሮጌ ካፖርት ውስጥ ደህና ነኝ።

ስሜ ዙሀራ ይባላል። ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ከማዳሜ ጋር የምኖር ሠራተኛ ነኝ። በአማርኛ መጻፌን እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። ክቡር መሥሪያ ቤትዎ እኔን የሚመለከተውን ማስታወቂያ በማላነባቸው በአረብኛና በፈረንሳይኛ ስለ ለጠፈልኝ፣ የአገሩ ወግ እንዲህ ነው ብዬ እኔም እርስዎን የሚመለከተውን በማያነቡት ጻፍኩ። ይህኛው ከታች ዶራ በሚባለው ሰፈር ባለው የአገራችን ሰው ሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ለእርስዎ አረብኛ መጻፍ የምትችለው ጓደኛዬ የምስራች ገልብጣ ታደርስልዎታለች።

ጉዳዬ አንድ ነው። በመጪው እሑድ የልጄ የሲቲና አርባ ቀን ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች ከዶራ ወጥተው ማዳሜ በፈቀደችልኝ ሳሎን ዱዓ እንዲያደርጉላት ፈቃድዎን እፈልጋለሁ። ነገር ግን ሰው ከመለመኑ በፊት ማመስገን ይገባዋልና ከምስጋናው እጀምራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አየሩ አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር ስንኖር ከታች የሱቁ ጄኔሬተር፣ ከላይ ፀሐዩ ሲጠብሰን ኖረናል። የማዳሜ ልጅ እዚህ ኮሌጅ ለማስተማር ሲቀጠር እናቴ ንጹሕ አየር ታገኛለች ብሎ አመጣን። ንጹሕ መሆኑን አልክድም፤ ከጉሙ የተነሣ እስካሁን አላየሁትም እንጂ። አንዳንድ ቀን ጉሙ ገለጥ ሲል ቁልቁል ኻልዴን አያለሁ፤ እዚያ ባሕሩ በፀሐይ ያበራል፣ እኛ ጋ በረዶ ይወርዳል። የሌላውን ሰው ፀሐይ በነፃ የሚያሳይ ከተማ ስለ ሰጡን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ መንገድ በሚያይ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት የከተማዋን ውበት ስለሚያበላሽ መከልከልዎ ትልቅ ሐሳብ ነው። ሰው የገዛ እጁን በማያይበት ጉም ውስጥ የማዳሜን የሌሊት ልብስ ለይቶ የሚያይ ዓይን ለሠራተኞችዎ አላህ ስለ ሰጣቸው ደስ ብሎኛል። ልብሱን አሁን ሶቢያው፣ ማለትም ማሞቂያው ምድጃ፣ ዙሪያ ነው የምሰቅለው። በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፤ ማዳሜም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች። እሷ ስታማርር ግን እርስዎን አላነሣሁም፤ አየሩን ነው ያማሁት።

ሦስተኛው ስለ ቫኑ ነው። እዚህ ሁሉ ነገር የሚሄደው በኮሌጁ ደወል መሆኑን ስመጣ አላወቅሁም ነበር። ተማሪ ሲኖር ቫን አለ፣ ዳቦ አለ፣ ስልክ የሚሞላ ሱቅ አለ። ፈተና አልቆ ተማሪ ሲሄድ ኸላስ፣ እኛ የቀረነው ሰዎች እንዳልሆንን ሁሉ ከተማው ይዘጋል። በተማሪዎቹ ግን ቅሬታ የለኝም። ጠዋት ጠዋት በዝናብ ውስጥ ካልሲ ሳያደርጉ፣ በስስ ጫማ፣ እየሳቁ ሲገቡ ከመስኮት አያቸዋለሁ። ሲቲናም ደሴ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። እሷም ካልሲ አትወድም ነበር። ይህን የጻፍኩት አቤቱታ ሆኖ አይደለም፤ እጄ ስለ ሄደ ነው።

አራተኛው ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ሲቲና ሦስት ቀን ብቻ ታማ ሞተች። ዘመዶቼ ለእኔ አልደወሉም። ዶራ ለምትገኘው ጓደኛዬ ለነስሪያ ነው የደወሉት፤ በእኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት ብቻዋን ቆማ በስልክ አትሰማም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቤቷ ገብቶ፣ አስቀምጦ ነው የሚነግራት። ነስሪያም ስድስት ሴቶች ይዛ በመጀመሪያው ቫን መጣች። የከተማዎ መግቢያ ላይ ዘበኛዎ አስቆማቸው፤ ከአምስት በላይ የውጭ አገር ሠራተኛ አንድ ላይ መሰብሰብ በማስታወቂያዎ ተከልክሏልና።

እነሱ ሲለምኑት እኔ የማዳሜን ዳቦ ገዝቼ በዚያው በኩል መጣሁ። ነስሪያ ከጉሙ ውስጥ ስወጣባት ደነገጠችና "ዙሀራ፣ ያኒ እንዲሁ ናፍቀሽን ነው እኮ" ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። በማክሰኞ ማለዳ ሰባት ሴቶች ከሰባት ማዳም ፈቃድ ለምነው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው የሚናፍቁኝ ሰው እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ቢሆንም አብሬያቸው ሳቅሁ። ቤት እስክንገባ ልስቅ ፈልጌ ነበር።

አብራቸው የመጣችው የምስራች ዘበኛውን ወደ ጎን ስባ፣ እንዲያሳልፋቸው ብላ እውነቱን በጆሮው ነገረችው። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ ልቡ ተነካ። ቆቡን አወለቀ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ መጣና "አላህ ይርሐማ፣ ነፍሷን ይማር፣ ያ ኡሚ፣ ስለ ልጅሽ" አለኝ። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በተወለድኩበት ወሎ መርዶ የሚያረዳው ሽማግሌ ነው፣ አክስት ናት፣ የልብ ጓደኛ ነው። በእርስዎ ከተማ የበለዲዬ ዘበኛ በመሆኑ፣ ያውም ያለ ክፍያ፣ አገልግሎትዎ እስከዚህ መድረሱን ስመሰክር ክብር ይሰማኛል። ደንቡንም አልጣሰም። እኔን ጨምሮ ቆጠረንና አራቱን ከእኔ ጋር አሳለፈ፤ ሦስቱን እስከ እኩለ ቀን በሩ ላይ ብርድ ውስጥ አቆመ። ሐዘንተኛዋን ከተሰብሳቢ የሚቆጥር ሒሳብ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበርና ለትምህርቱም አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የእሑዱ ልመናዬ ይህ ነው፤ አሥራ ሁለቱም አንድ ላይ ይግቡልኝ። ካልፈቀዱ ሕግ አናፈርስም፤ አራት አራት እየሆኑ በየሰዓቱ ይወጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሲወርዱ ቀጣዮቹ ይገባሉ። አላህ በፈረቃ የተደረገ ዱዓ አይመልስም። አሚን በአራት ሰው አፍም ይሰማል፤ ለልጄ ግን ቤት ሙሉ ሰው ቢለው ደስ ይለኛል። ስትቀበር አልነበርኩም። ለእሷ በዚህ አገር የማደርገው ይኸው ብቻ ነው።

ጉሙ እንደ ቀለለልዎ፣ ቢሮዎ እንደ ሞቀልዎ፣ ልጆችዎ በየበራቸው በሰላም እንደ ገቡልዎ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ፎቅ ላይ ሆኜ የቢሮዎን መብራት የማየው፣ ቀና ቢሉ ግን የማያዩኝ ትሑት ነዋሪዎ፤

ዙሀራ፣ የሲቲና እናት

ሳልጽፈው የቀረ፦ በእኛ ወግ መርዶ ያረዳ ሰው አረድቶ አይሄድም፤ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል፣ እህል ያስቀምሰዋል። ዘበኛዎ ይህን ስላላወቀ በዚያው ወደ በሩ ተመለሰ፤ አልቀየምኩትም። እሑድ ከሥራ ፈቅደውለት ይምጣ። በሩን የሚጠብቅ ሌላ ሰው ከሌለዎት ግን የቆመው በእርስዎ ትእዛዝ ነበርና እርስዎ በእሱ ፈንታ ይምጡ። ከባዱን እሱ ተናግሮታል፤ ለእርስዎ የቀረልዎ መቀመጥ ብቻ ነው።