የፈረቃ ሰዓቴ ለባለቤቴ እንዳይሰጥ

ለሆስፒታሉ የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት
ቀን፦ ኅዳር 18

ጉዳዩ፦ የፈረቃ ሰዓቴ ለባለቤቴ እንዳይነገርብኝ እና በሐሰት ያስመዘገብኩት የጉዳት ሪፖርት እንዲታረም ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

አምና እዚሁ ሆስፒታል ዳሌያቸውን በቀዶ ጥገና የታከሙት የቀድሞ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ዛሬ በጣም ደህና ናቸው። ከዘራውን ጥለው ግድግዳ እየያዙ ይሄዳሉ። ልጃቸውም ሁለተኛዋን በሰላም ተገላግላለች። ወሬ ማብዛቴ አይደለም፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የተጠጋሁት እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ አሁን ያሉበትን ቤት አያውቀውም። ይህ ቃሌ ከእርስዎ መሳቢያ እንዳይወጣ በትሕትና እለምናለሁ።

1. በልብስ እጥበት ክፍል አንሶላ በማጠፍ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ፋይሌ ውስጥ ከአንድ የጉዳት ሪፖርት በቀር ክፉ ነገር የለም። እሱም ሐሰት ነው።

2. ባለቤቴ ሰኞ ሰኞ በሆስፒታሉ ዋና በር ላይ የሚለጠፈውን የፈረቃ ሰሌዳ በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ሰዓት የተቀየረ እንደሆነ ደግሞ ጋሼ ጥበቃው ደውለው ይነግሩታል። በክፋት አይደለም፤ «እንዲህ ያለ ባል ለልጄም ይስጣት» እያሉ ይመርቁኝ ነበር። የሥራ ጓደኞቼም «አንቺማ ታድለሻል፣ በየቀኑ የሚወስድሽ አለ» ይሉኛል፤ እኔም እስቃለሁ። ስልኬን ይፈትሻል። «ታበላሽሻለች» ስላለ እህቴን ካየኋት ሦስት ዓመት አለፈ። ይህን ሁሉ «ቢወደኝ ነው» እያልኩ ቻልኩት። ሊወስደኝ ያልመጣ ቀን ግን እግሬ ቀለል ይለኝ ነበር፤ ባሏ ሲቀር ደስ የሚላት ምን ዓይነት ሴት ናት እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ።

3. ጥቅምት 6 ቀን ከማዋለጃ ክፍል አንሶላ ዘግይቶ መጣ። ሰሌዳው ዘጠኝ ሰዓት ይላል፤ የወጣሁት ዘጠኝ ተኩል ነው። ባለቤቴ በር ላይ ሰዓቱን እያየ ጠበቀኝ። ቤት ስንገባ በሩን ቆለፈና «ግማሽ ሰዓቱን የት አደረግሽው?» ብሎ የግራ እጄን ትንሿን ጣት ወደ ኋላ አጥፎ ሰበራት። በማግስቱ ለክፍሌ የመተኮሻ ማሽኑ ያዘኝ ብዬ አስመዘገብኩ።

4. በእኔ ቃል የተነሳ የማሽኑ ኦፕሬተር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ፈርሞ ተቀበለና ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ «እህቴ፣ የእኔ ማሽን ቢይዝሽ ያቃጥልሻል እንጂ አይሰብርሽም። ማነው?» አለኝ። በትዳር በቆየሁበት አሥራ ስምንት ዓመት ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። የማጥፈውን አንሶላ ፊቴ ላይ ይዤ አለቀስኩ። «እኔ ማስጠንቀቂያውን እችለዋለሁ። እሱ ግን በአንድ ጣት የሚያበቃ እንዳይመስልሽ» አለኝ።

5. እሱው ወደ ሆስፒታላችን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ወሰደኝ። በሯን ዘግታ ሰማችኝ፤ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ይሄ ጥቃት ነው» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያም ከእሷ ጋር ሄጄ ቃሌን አስመዘገብኩ። አዋላጇ ጋ ስደውል «ልብሱን ተይው፣ አንቺ ብቻ ነይ» አሉኝ።

ስለዚህ ስሜ ከበሩ ሰሌዳ ተነስቶ ፈረቃዬ በክፍል ኃላፊዬ በኩል በቃል እንዲነገረኝ፤ በኋላ በኩል ባለው የዕቃ በር እንድገባና እንድወጣ እንዲፈቀድልኝ፤ «ባሏ ነኝ» ቢልም አድራሻዬ ለማንም እንዳይሰጥ፤ የኦፕሬተሩም ማስጠንቀቂያ እንዲሰረዝለት አመለክታለሁ። ስለ ሐሰቱ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ።

ትናንት ለጋሼ ጥበቃው ደፍሬ እውነቱን ነግሬያቸው ነበር። ይህን እየጻፍኩ ሳለ አሁን እጥበት ክፍል ድረስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ቆሙና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ባልሽ መጥቶ ነበር። ሰዓቷ ተቀይሯል ወይ ሲለኝ አላውቅም አልኩት። አላመነኝም፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ዛሬ በዕቃው በር በኩል እኔው አስወጣሻለሁ። ሰኞ ሰሌዳው ሲለጠፍ ግን ምን ላድርግ? አለቃሽን ጠይቂልኝ።»

ጋሼ ጥበቃውን «ጠየቅሁልዎት» ብዬ እንድነግራቸው፣ መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የልብስ እጥበት ክፍል ሠራተኛ