ዳንቴል የለበሰው ማበጠሪያ

ለምወድሽም ለምፈራሽም ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ብርዱን ቻለው ወይስ አሁንም ደረጃው ላይ ስትደርስ ግንቡን እየተሳደበች ነው የምትወጣው? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ያ ወገቡን የሚይዘው የሹፌር በሽታ ለቀቀው? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ደንበኞችሽስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከቆሽቴ ማረር በቀር በጣም ደህና ነኝ። የናፍቆቱን ነገር ታውቂዋለሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ቆሽቴ ነው።

ደብዳቤሽና ፎቶው ማክሰኞ ደረሱኝ። ያን ቀን ጽፌልሽ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ይቃጠል ነበር። ሦስት ቀን ጠብቄ፣ ቀዝቅዣለሁ ብዬ ብዕር አነሣሁ። አልቀዘቀዝኩም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አለበለዚያ ጩኸት ብቻ ይሆናል።

እዚህ የምሠራው የፀጉር ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ፣ በንድፍ ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ። ካቻምና የፀጉር ቤትሽ ወለል አንሸራቶሽ የቀኝ እጅሽ አንጓ ሲሰበር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ማበጠሪያው፣ ማድረቂያውና ፒያስትራው አንድ ላይ ተሠርተው በአንድ እጀታ ቢያዙስ? አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ማንሣት ይቀራል፣ እጅም ያርፋል። ለአለቃዬ ሳቀርብለት ለፀጉር ሠሪዎች ሁሉ ይጠቅማል አልኩት። በልቤ ግን ደንበኛዬ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ተፈቀደልኝና ሦስት መቶ ግራም እንኳን የማትሞላ ነገር ሣልኩ። እንዴት ታምር እንደነበር!

አለቃዬን እኔ በሆዴ ጨምርበት ነው የምለው። ራሱ እንደ ሳህን የተወለወለ፣ ማበጠሪያ ከነካ ሃያ ዓመት የሆነው ሰው ነው፤ ግን ስለ ፀጉር ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰኞ ይመጣና ቶንዶስም ጨምርበት ይላል። ሐሙስ የፂም ማስተካከያም ጨምርበት ይላል። በሳምንቱ መብራት አማረው። ጌታዬ፣ ሴትዮዋ ፀጉር ነው የምትሠራው፣ ጉድጓድ አትቆፍርም፣ መብራት ምን ይሠራላታል ብለው፣ መልካም አስታወስከኝ፣ ትንሽ መስተዋትም ጨምርበት አለኝ። ማርም ሲበዛ ይመራል። ናሙናው ተሠርቶ ሲያልቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ስምንት መቶ ግራም! በሱ ፀጉር ከማበጠር ሚስማር መምታት ይቀላል።

እንግዲህ የቀረኝ ተስፋ የአንቺ ምላስ ነበር። አንዲት ደንበኛ አሳምሪኝ ስትልሽ፣ ፀጉሩን አሳምርልሻለሁ፣ ፊትሽን ግን ፈጣሪን ጠይቂው ያልሽ ሴት ነሽ! ስለዚህ ናሙናውን ከሃያ ጥያቄ ጋር ላኩልሽ። እታለም ልክ ልኩን ትነግርልኛለች፣ እኔም ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጨምርበትን አፉን አስይዘዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

አንቺ ግን ምን ጻፍሽ? ክብደቱ እንዴት ነው? በጣም ጥሩ። ሙቀቱስ? በጣም ጥሩ። እጅ ያደክማል? እጅህ ይባረክ። ምን ቢቀየር ይሻላል? ምንም አይነካ፣ የወንድሜ ሥራ ነው። እህቴ፣ ይሄ መልስ ነው ወይስ ምርቃት?

ይህም ይሁን። ስብሰባው ላይ ወረቀትሽን መሐንዲሳችን ጮክ ብላ ታነብብ ነበር። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበችው። የውሃ መያዣው በጣም ጥሩ ነው፣ ምንም ውሃ አያፈስም ብለሻል። እታለም፣ ዕቃው የውሃ መያዣ የለውም። መጀመሪያ ንድፉ ላይ ነበር፣ በኋላ ቀረ፤ እኔ ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ ማውጣት ረስቼ ነው። እውነትሽን ነው፣ የሌለ ነገር አያፈስም። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያልሳቀው ጨምርበት ብቻ ነው። ሰዎቹ ከወደዱትማ የውሃ መያዣም ይጨመርበት አለ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። የአንቺ ወረቀት በጣም ጥሩ ስላለ፣ ጨምርበት ሞልዱ በአምስት ሳምንት ውስጥ ይቆረጥ ብሎ ወሰነ። ሞልድ ማለት ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ነው። ብረቱ አንዴ ከተቆረጠ እጀታውም ክብደቱም ያው ሆኖ ይቀራል፤ ብትጮሂም ባለቅስም አይለወጥም።

በዚህ ላይ ነው ፎቶው የደረሰኝ። ጋሼ ያነሣው፣ ፀጉር ቤት ያደረግሻት የፊተኛዋ ክፍል። ከጀርባሽ ቡፌው ይታያል። ቡፌው ላይ፣ ከሠርግሽ ብርጭቆዎች ጎን፣ የኔ ዕቃ ነጭ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል! ዳንቴሉ የእማዬ እጅ ሥራ መሆኑን በጠርዙ አውቄዋለሁ። ገመዱ በዳንቴሉ ሥር ብቅ ብሏል፤ እኔው በገዛ እጄ ያሰርኩት ቀይ ማሰሪያ እስከ አሁን አልተፈታም። አንድ ቀን እንኳን አልሰካችሁትም! ከሩቅ የመጣ ዕቃ ለእንግዳ ይታያል እንጂ አይነካም የሚለውን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት የላኩት ብርድ ልብስም እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ እወራረዳለሁ። እናንተ እየበረዳችሁ ብርድ ልብሱ ይሞቀዋል።

ይህን ሁሉ ልጮህብሽ ነበር። ከዚያ ፎቶውን በመሐንዲሷ ማጉያ መነጽር ደግሜ አየሁት። የምታበጥሪበትን ያን የእንጨት ሚዶ የያዝሽው በግራ እጅሽ ነው። ቀኝ እጅሽ ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ነው። በአራት ደብዳቤ አራት ጊዜ ድኛለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል። እጅሽም በጣም ጥሩ ነበር፣ ልክ እንደ ውሃ መያዣው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እታለም። ግን ጥፋቱን ሁሉ ባንቺ ላይ አልጭንም፤ ድኛለሁ ስትይኝ ደስ ብሎኝ አመንኩ፣ ምክንያቱም ማመኑ ቀላል ነበር። ሃያ ጥያቄ ስልክልሽ አንዱ እንኳን ያንቺ እጅ እንዴት ነው አይልም። እጀታውን የሠራሁት የድሮውን እጅሽን እያስታወስኩ ነው፤ ልኩን የማውቀው በልጅነቴ ከቀመስኩት ኩርኩም ነው። ያ እጅ ስምንት መቶ ግራም ቀርቶ እኔንም በጆሮዬ አንጠልጥሎ ይይዝ ነበር።

ስለዚህ አሁን የምልሽን አድርጊ። ዳንቴሉን ግለጪ፣ ማሰሪያውን ፍቺ፣ ዕቃውን ሰኪው። በቀኝ እጅሽ ሞክሪው፤ ከእጅሽ ቢወድቅ ይውደቅ፣ ቢሰበር ይሰበር፣ የተሠራው ለዚያ ነው። ከዚያ ስድብሽን ጻፊልኝ። በጣም ጥሩ የሚል ቃል ካየሁበት ደብዳቤውን መልሼ እልክልሻለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ድብልብል ሰም ልኬልሻለሁ። ለብ ባለ ውሃ አለስልሺና በቀኝ እጅሽ ጨብጪው። የቻልሽውን ያህል ብቻ፤ ጠንካራ ለመምሰል አትታገይ። ሲደርቅ በጨርቅ ጠቅልለሽ ላኪልኝ። ሰሙ እስኪደርስ ሞልዱ እንደማይቆረጥ መሐንዲሷ ቃል ገብታልኛለች፤ ጨምርበትንም የምትችለው እሷ ብቻ ናት። እጀታው በሰሙ ልክ ይሠራል፤ እጅሽ የማይሸከመው ሁሉ ደግሞ ይቀነሳል፣ ከመብራቱ ጀምሮ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሚልኝ። ዳንቴሏ ቆንጆ ነው፣ ለሬዲዮኑ ታልብሰው በያት። ሰሙንም ልጄ ደከመች ብላ አብራሽ እንዳትጨብጠው አደራ። ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ፎቶ ሲያነሣ የሚደበቅ ነገር ስለማያውቅ እግዜር ይስጠው። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላም በይልኝ፤ የመጀመሪያዋ ተሞካሪ እሷ ትሁን፣ ምላሷ ከመቀሷ ስለማይተናነስ እሷም ትጻፍልኝ።

ለቀኝ እጅሽም ለብቻው ሰላምታ አቅርቢልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት ነህ ሳልለው ቀርቻለሁና ይቅር ይበለኝ። አሁን እየጠየቅኩት ነው፤ ራሱ ይመልስልኝ፣ አንቺ አትመልሺለት።

ኩርኩምሽ የናፈቀው ታናሽ ወንድምሽ

ከፋብሪካው በስተጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን