ከአራተኛ ፎቅ የሚወርድ ቅርጫት

ናፖሊ፣ ሴፕቴምበር 9

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ ለሮሲዮ፣

ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሮሳሪዮና በመላው አርጀንቲና ለምትገኙ ዘሮቼ ሁሉ፣ ለትልቁም ለትንሹም፣ የቤታችን ቅርጫት አዲስ ገመድ የተገጠመለት መሆኑን በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ገመዱ ሰማያዊ ነው። አሮጌው ባለፈው ወር አንድ ሙሉ ሐብሐብ ተሸክሞ ሲወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተበጠሰና ሐብሐቡ ታች በቆመ ሞተር ሳይክል ኮርቻ ላይ አረፈ። የሞተር ሳይክሉ ባለቤት እስከ ዛሬ ስሜን በደግ አያነሳም።

ይህ ቅርጫት ባይኖር እኔና እህቴ ኢማኮላታ ምን በልተን እናድር ነበር? አሳንሰር የሚባል ነገር የለንም። ባሏ የሞተባት ጊዜ እስከ ፋሲካ አብሬያት ልቆይ ብዬ ነበር ከሮሳሪዮ የመጣሁት፤ ፋሲካው አለፈ፣ ሌላም መጥቶ አለፈ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ዳቦው፣ ዓሣው፣ መድኃኒቴ፣ ያንቺም ደብዳቤ በቅርጫት ነው የሚወጣው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ትራስ አነጥፌ፣ ክርኔን አስደግፌ፣ «ቪንቼንዞ! ቡና!» እላለሁ። ቪንቼንዞ ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ባለቤት ነው። ስኒውን ከድኖ ያስቀምጥልኛል፣ እኔም እስባለሁ። ችግሩ መንገድ ላይ ዶና ካርሜላ አለች። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ጎረቤታችን ናት፤ ቅርጫቱ በመስኮቷ ሲያልፍ ይዛ ታቆመዋለች።

«ዶን አኒዬሎ! ይሄ ቡና ስኳር የለውም እኮ!»

«ላንቺ መቼ ታዘዘ፣ ዶና ካርሜላ!»

«በመስኮቴ የሚያልፍ ሁሉ የኔ ነው!»

«ባልሽም በመስኮት ሲያልፍ ነው የያዝሽው?»

«እሱማ በበር ነው የገባው! ለዚህ አይደል ማስወጣት ያቃተኝ!»

ሰፈሩ በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ይደክመኛል፣ ሮሲዮ። ቡናዬን ለብ ብሎ ግማሹ ተጠጥቶ አገኘዋለሁ፣ ያንኑ ጠጥቼ ወደ አልጋዬ እመለሳለሁ። ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ከመስኮት እስከ አልጋ እንዲህ ሩቅ መሆኑን ልጅ ሳለሁ ልብ አላልኩትም ነበር።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። በኦክቶበር ልታገቢ ነው። የመጀመሪያውን ዳንስ ካንተ ጋር ካልሆነ አልደንስም ብለሻል። «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ቀልድ አልፈልግም፣ ቁርጡን ጻፍልኝ» ብለሻል። ቀልድ ለማይፈልግ ሰው እኔ ምን እጽፋለሁ? ኢማኮላታን ጠየቅኋት።

«እውነቱን ጻፍላት» አለችኝ።

«የምን እውነት?»

«የደረጃውን ነዋ! ከወረድክ ስንት ጊዜህ ነው?»

ይሄ አናደደኝ። እሑድ ዕለት ኮቴን ለበስኩ፣ ባርኔጣዬን ደፋሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ኢማኮላታ አማተበች።

«አንተ ሽማግሌ፣ ደግሞ ወዴት ነው? በቅርጫቱ ላውርድህ እንዴ?»

«ገመዱንስ አምነዋለሁ፤ የማላምነው አንቺን ነው። ካርሜላ መስኮት ላይ አንጠልጥለሽ ትይዥኝና ወሬ ትጀምሪያለሽ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ወረድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የማርያም ሥዕል አለች፤ የማነጋግራት መስዬ አረፍኩ። ብዙ አነጋገርኳት። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ካርሜላ ትንፋሼን ሰምታ ኖሮ ወንበር ይዛ ወጣች።

«ቁጭ በል! ደጄ ላይ እንዳትሞትብኝ፣ አሁን ጠርጌ መጨረሴ ነው!»

ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጠችኝ፤ ስኳር ጨምራበታለች። ጥቂት አረፍኩና ተነሳሁ፣ ቀሪውን ደረጃ ወረድኩ፣ መንገዱን ተሻግሬ ቡና ቤቱ ገባሁ። ቪንቼንዞ ሲያየኝ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ።

«እንዴ፣ ዶን አኒዬሎ! እግር አለህ እንዴ? እኔ እኮ ከወገብህ በላይ ብቻ የተፈጠርክ ይመስለኝ ነበር!»

ቆሜ ጠጣሁ። ትኩስ ቡና፣ የካርሜላ ከንፈር ያልነካው። እንግዲህ ቁርጡን ጠይቀሽ የለ? ቪንቼንዞ ቡና ቤት የደረሰ ሰው ሮሳሪዮ ለመድረስ ምን ያግደዋል? የቀረው ውቅያኖስ ብቻ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእናቴን የአልጋ ልብስ ልኬልሻለሁ፤ የእመቤታችን በዓል ሲከበር በሰገነቱ ላይ የምትሰቅለውን፣ ነጩን። ትናንት በቅርጫት አወረድኩት፣ ቪንቼንዞ ፖስታ ቤት ያደርስልኛል። ሲወርድ ካርሜላ ያዘችውና ዳሰሰችው፤ እንደ ልማዷ የኔ ነው አላለችም፣ ለቀቀችው። ለምን ራስህ ይዘኸው አትመጣም እንዳትዪኝ። ሻንጣዬ ትንሽ ነው።

እግዚአብሔር ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው። ከባልሽ ጋር መጣላት ካማራችሁ ከምሳ በኋላ ተጣሉ፤ ምግብ አይቀዝቅዝ። ልጅ ስትወልጂ አፍንጫው ወደ እናትሽ ወገን ይሂድ፣ ከኔ አፍንጫ ይሰውረው። አባትሽን ሳሚልኝ። ፀጉሩ ከኔ በፊት ማለቁን እዚህ ላለው ሁሉ ነግሬያለሁ።

የሚወድሽና የሚያበሽቅሽ አያትሽ፣
አኒዬሎ

ሌላ፦ ኢማኮላታ በትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችውና ካላስተካከልከው ፖስታውን አላሽግም አለች። እሺ። ከጻፍኩት ውስጥ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። ቡና ቤቱ አልደረስኩም። ከካርሜላ ወንበር አልተነሳሁም፤ እሷው በመስኮት ጮኻ ጠራቻቸውና ቪንቼንዞና ዓሣ ሻጩ ከነወንበሩ ተሸክመው ወደ ላይ መለሱኝ። ቪንቼንዞ ስለ እግሬ ያለውን ግን በእውነት ብሎታል፤ የተናገረው ደረጃው ላይ ነው፣ ተሸክሞኝ እያለከለከ።

የመጀመሪያውን ዳንስ ከአባትሽ ጋር ደንሺ። እግርሽን ይረግጥሻል፤ ቻይው።