ሦስት ካርቡሬተር ለሰነቴ ዳገት

ማክሰኞ፣ ጥር 12

«ተራ ቁጥር 4፦ የሙሽራው አባት አሮጌ መኪና ሰነቴን መውጣት ስለማትችል ከሰርጉ አጀብ እንድትቀር፣ በዕለቱም አበባ ተደርጎባት ግቢ ውስጥ ለፎቶ ብቻ እንድትቆም በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። የሰርግ ኮሚቴው ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ቃለ ጉባኤ ነው። ሰብሳቢው ከድር፣ የገዛ ታናሽ ወንድሜ። በሙሉ ድምፅ! የእኔን ድምፅ ማን ጠየቀ? የሙሽራው አባት እኔ፣ የመኪናዋ ባለቤት እኔ። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ዕድሜዬን ሙሉ ትራክተርና ኮምባይነር ስጠግን የኖርኩት እኔ። «መውጣት ስለማትችል» ያለው ማን ነው? ማን ነድቶ አያት?

ልጄ አብዲ እሑድ ጥር 24 ያገባል። ሙሽራዋ ራህመት የደሎ መና ልጅ ናት። ከሮቤ ተነስተን በጎባ አልፈን ሰነቴን እንሻገራለን፣ ሐረና ጫካ እንወርዳለን፣ ከዚያ ሙሽራ ይዘን ያንኑ ዳገት መልሰን እንወጣለን። እኔ ሳገባ አባቴ ፋጡማን ከአንገቱ ከተማ ያመጣልኝ በዚህች መኪና ነው። መሪውን የያዘው ራሱ ነበር። እኔም ለልጄ እንደዚያው ላደርግ ነው ያሰብኩት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

አምና ሰነቴ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማለች። አልክድም። ምክንያቱን ግን አውቀዋለሁ። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ስድስቱን የሚመግበው መሀል ላይ የተቀመጠ አንድ ያረጀ ካርቡሬተር ነው። መሀለኞቹ ይጠግባሉ፣ በዳርና በዳር ያሉት ይራባሉ። መድኃኒቱ አልጋዬ ሥር ካርቶን ውስጥ አለ፤ መርካቶ አሮጌ ብረት ተራ ያገኘኋቸው ሦስት አንድ ዓይነት ካርቡሬተሮች። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሲሊንደር ይደርሳቸዋል።

ፋጡማ ካርቶኑን ስጎትት አየችኝ።

«አባ አብዲ፣ ሰርግ ነው እኮ፣ ፈተና አይደለም።»

«ፈተና ያደረጉት እነሱ ናቸው» አልኳት።

ነገ እጀምራለሁ። እጄ ከአሁኑ ይበላኛል።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ። አሮጌው ካርቡሬተር ወረደ። ነዳጅና አየር የሚያከፋፍለው ማኒፎልድም አብሮ ወረደ። አዲሱን ከቱቦ ቆርጠን በጠፍጣፋ ብረት ላይ መበየድ ነበረብን። ቶርኖ ቤት ያለው ግርማ፣ የድሮ ጓደኛዬ፣ ሦስቱን ካርቡሬተር ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ።

«ኢንጂነር፣ ቤትህ በአንድ ሚስት ተወስነህ እዚህ ሦስት? በል አንድ ጨምር፣ እስከ አራት ይፈቀድልሃል!»

«አንተ ዝም ብለህ በይድ።»

በየደ። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱ ተጣሟል። ማስመሪያ አጋድሜ ወደ መስኮቱ ያዝኩት፤ ከሥሩ ብርሃን ያሳልፋል። «ይሄማ ምንም አይልም፣ መሀል የሚገባው ጓርኒሲዮን ይሸፍነዋል» አለኝ። ብርሃን ካለፈ አየር ያልፋል፣ አየር ካለፈ ሞተሩ ያብዳል። መልሰህ ላጨው አልኩት። ላጨው። አሁንም ያሳልፋል። እንደገና! ስሜን ያልጠራበት ስድብ የለም፣ ግን ሦስተኛው ላይ ክር የምታህል ብርሃን እንኳ አላለፈችም። ግርማም ራሱ ማስመሪያውን ነጥቆኝ ሁለት ጊዜ አየና «እኔ ነኝ የሠራሁት?» አለ።

ቀሪ ሥራ፦ ሦስቱን አንድ ላይ የሚከፍተው ዘንግ፣ የቤንዚን ጎማ፣ የመመለሻ ሞላ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ተነሳች!

መጀመሪያ አሳለች፣ ቀጥሎ አንዴ ተኮሰች። የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ከዚያ ያዘች። ቆማ ስትሠራ ግን ሚኒሞዋ ወጣ ገባ ይላል፤ ሦስቱ እኩል አይተነፍሱም። አንድ ክንድ የምትሆን የጎማ ቱቦ ወስጄ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ አደረግኩ። የፊተኛው ያፏጫል፣ የመሀሉ ያንሾካሹካል፣ የኋለኛው ጭራሽ ዝም። የአየር ማስተካከያ ቡሎናቸውን ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ፣ እያዳመጥኩ፣ እያዞርኩ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ፉጨት እስኪያወጡ ድረስ ወገቤን አላቀናሁም። ሲገጥሙ ድምፁ ተለወጠ። እንዴት ልግለጸው? መኪናዋ ዝም አለች ማለት ይቀለኛል። ኮፈኑ ላይ ሻይ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩ፤ አልፈሰሰም።

አብዲ ልብሱን ሊለካ ሲሄድ ጎራ አለ።

«አባዬ፣ ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው። ኮሚቴዎቹ ቪኤይት ተከራይተዋል እኮ።»

«ለአንተ ነው ብሎ ማን ነገረህ? ሙሽራዋን ጠይቅልኝ።»

ደወለላትና ድምፁን ከፍ አደረገው። ራህመት አላመነታችም።

«አባባ፣ ቪኤይቱ የአገሩ ሙሽራ ሁሉ የገባበት ነው። እኔ በእርስዎ መኪና ነው የምመጣው። መንገድ ላይ ካቆመችኝ ግን ወርጄ ቪኤይቱ ውስጥ ነው የምገባው፣ አይቀየሙኝ።»

ይቺን ልጅ ወደድኳት። ቅድመ ሁኔታዋን በግልጽ አስቀመጠች። ከኮሚቴው ሁሉ እሷ ትሻላለች።

ዓርብ፣ ጥር 15

ከጁምዓ በኋላ ጎባ ደርሼ ተመለስኩ። በረረች እላለሁ፤ ይህን ቃል ስጠቀም ሐፍረት አይሰማኝም። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ ትንቀሳቀስ በነበረበት አቀበት በሦስተኛ ወጣች። መስኮቱን ከፍቼ ብቻዬን ስስቅ አንድ ባጃጅ ነጂ ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ።

የከድር ሱቅ በር ላይ፣ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆሜ ሆን ብዬ አጓራኋት። ወጣ። ሚዛኑን እንደያዘ ነበር።

«ጋሼ፣ ድምፅማ አላት። ጎባ ግን ሰነቴ ሆነች እንዴ?»

«ነገ እወጣለሁ።»

«ስትቆም ደውልልኝ፣ ገመድ ይዤ እመጣለሁ።»

ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም እስቅ ነበር፣ ቀልዱ የሌላ ሰው ቢሆን።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ቆመች።

ልክ የሰነቴ ሜዳ አናት ላይ፣ ነፋሱ በር አላስከፍት በሚልበት። ከመቆሟ በፊት ጀምሮ ከኋላ ጥቁር ጭስ ስትለቅ ነበር። አብረውኝ የወጡት ግርማና አብዲ ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ስድስቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

ከዚያ ገባኝ፣ ገብቶኝም ራሴን በጥፊ ልመታው ምንም አልቀረኝ። ሰነቴ ላይ አየሩ ስስ ነው። እኔ ቤንዚኑን የመጠንኩት ሮቤ፣ ግቢዬ ውስጥ ነው። የአየሩ ድርሻ ሲያንስ ቤንዚኑ እዚያው ስለቀረ ሞተሯ ታነቀች፤ በአንዱ ካርቡሬተር የነበረው ስህተት አሁን በሦስት ተባዛ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር!

እያንዳንዱ ካርቡሬተር ሥር የቤንዚኑን መጠን የምትወስን ዳዶ አለች። ጣቶቼ ደንዝዘው መፍቻው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ቤንዚኑ እንዲቀንስ ሦስቱንም ዳዶዎች እኩል፣ ትንሽ ወደ ላይ አዞርኳቸው። ካንዴላዎቹን ወልውለን መለስን። አብዲ ቁልፉን አዞረ።

አልሐምዱሊላህ! ጭሱ ጠራ። ጉልበቷ ተመለሰ። ግርማ በነፋሱ ውስጥ ጨፈረ፤ እኔም ሳልጨፍር አልቀረሁም።

ግን አላበቃም። ለመሞከር ከሜዳው በታች ወዳለችው ሪራ መንደር ስንወርድ፣ አየሩ ሲወፍር፣ ሞተሯ ጠጠር እንደሚቆረጥም ሰው መንኳኳት ጀመረች፤ ሙቀቷም ወጣ። አሁን ደግሞ ቤንዚን አነሳት። ወደ ታች መለስኳቸው፣ ተስተካከለች። ስለዚህ አንድ መጠን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ዳዶዎቹ ላይ በቀለም ምልክት አደረግኩ፤ ነጭ ለሮቤና ለጎባ፣ ቀይ ለሰነቴ፣ ቢጫ ለጫካውና ለደሎ መና። ስንወጣም ስንወርድም ሪራና አናቱ ላይ ቆም ማለት ብቻ ነው። ሦስት ዳዶ፣ ሻይ ፉት በሚባልበት ጊዜ ያልቃል።

ነገ ደሎ መና ድረስ፣ ሰው ጭነን።

እሑድ፣ ጥር 17

ከመኪናዋ እንደወረድኩ ነው የምጽፈው። 

የጫንኳቸው ሰዎች፦ ፋጡማ፣ ግርማ፣ እና ሐጂ ሑሴን። ሐጂን የመረጥኳቸው የኮሚቴው ሽማግሌ ስለሆኑ ነው። የሳቸውን ቃል ከድር አይጥልም ብዬ። የሙሽራ ሻንጣ ይሁንልን ብዬ ኋላ ላይ አንድ ኩንታል ስንዴ ጨመርኩ።

ሰነቴ አናት ላይ ሐጂ ካቦርታቸውን ተሸፋፍነው «ልጄ፣ ምን አስቆመህ?» አሉኝ።

«ዳዶ ላዞር ነው ሐጂ፣ አንድ ጊዜ።»

«ቶሌ፣ እሺ አዙር። እኔም እግሬን ላፍታታ።»

ደሎ መና ምሳ በላን። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ከዚያ መልሱ። ጫካው ውስጥ ዳገቱ ሲጀምር ፋጡማ ዱዓ ጀመረች፣ ግርማ ቀልዱን አቆመ። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት። አንድ ጭነት መኪና ቀደምን። ሪራ ላይ ቆሜ ሦስቱን ዳዶ ወደ ቀዩ መለስኩና ቀጠልን። ከዚያ በኋላ እስከ ሜዳው ያለውን ጠመዝማዛ እያንዳንዱን ማዕዘን አውቀዋለሁ፤ አምና የቆመችበትን ሁለቱንም። በሁለቱም አለፈች፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ሳልረግጠው! አናቱ ላይ ስንደርስ ፋጡማ ትከሻዬን መታችኝና «ልክ እንደ ያኔው ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ዓይኔን ነፋስ መታው።

«ሐጂ፣ ደረስን!» አልኩ።

ሐጂ አልመለሱም። ከሪራ ጀምሮ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሰኞ፣ ጥር 18

ከድር ጋ ሄድኩ። ሐጂም መጥተው ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኩት፤ ጭነቱን፣ ማርሹን፣ ሙቀቱን። ጨርሶ ሰማኝና ፈገግ አለ።

«የተኛ ሰው ምን ይመሰክራል ጋሼ? ገፍታችሁት ይሆናል መኪናውን።»

እኔ ከመናገሬ በፊት ሐጂ በዱላቸው ወለሉን መቱ።

«ከድር፣ በአንተ ሚኒባስ ሰነቴን ስንቴ ወጣሁ? አንድም ቀን ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። በወንድምህ መኪና ግን ተኛሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ትፈልጋለህ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ፈነዳ። ከድርም ሳቀ፣ ግን ቁርጡን አልተናገረም። «እሺ፣ እናያለን፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። ኢንሻአላህን እቀበላለሁ። «እናያለን»ን አልቀበልም። ራህመት ሰባት ቀን ሳይሞላ ትመጣለች፤ እናያለን ተብሎ ሙሽራ አይመጣም።

የሚከተለውን ጽፌ በኮሚቴው ገጽ ላይ ለጠፍኩ። እዚህም ይቀመጥ፦

«ለሰርግ ኮሚቴው ሰብሳቢ። ተራ ቁጥር 4 ያለ ምንም ሙከራ የተወሰነ ነው። መኪናዋ እሑድ ጥር 17 አራት ሰውና አንድ ኩንታል ይዛ፣ ከደሎ መና ተነስታ፣ ሳትበላሽ ሰነቴን ወጥታለች። ሁለት ምስክሮች ነቅተው፣ አንዱ ተኝተው አይተዋል። ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ፣ መኪናዋ የሙሽራዋ መኪና ሆና ከአጀቡ ፊት እንድትሄድ፣ ነጂዋም እኔ እንድሆን፣ አጀቡም በመሄጃም በመመለሻም ሪራና ሰነቴ አናት ላይ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆም እጠይቃለሁ። ያወረዳችኋት በጽሑፍ ስለሆነ በቃል የሚሰጠኝን መልስ አልቀበልም። እስከ ሐሙስ ጥር 21 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ፣ በሰብሳቢው የተፈረመ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ።»