ያልተነበበው ገጽ፦ የወይዘሮ ኤኒድ ቡዝሮይድ የሕይወት ታሪክ (1948–2024)

ወይዘሮ ኤኒድ ቡዝሮይድ ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ሃሮልድ ሳግደን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኔሊ ክራብትሪ፣ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሃርዝዌል ከተማ ማርች 14 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ከሠፈራቸው ልጆች በፈተና አልፈው ሁለተኛ ደረጃ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ፣ በ1969 በሒሳብ ትምህርት ተመርቀዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረዋል፤ ከዚህም ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት በርዕሰ መምህርነት አገልግለዋል። ወላጅ ሳያነብ የፈረመበትን ወረቀት መልሰው ይልኩ እንደነበር ተማሪዎቻቸው ያስታውሳሉ።

በ1972 ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ዴሪክ ቡዝሮይድ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ጊሊያንንና ማርቲንን አፍርተዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በ2011፣ የከተማው ሕዝብ ሆስፒታል የቦርድ አባል ሆነው ተሾሙ። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድሩት ሌሎች ናቸው፤ የእርሳቸው ድርሻ ከውጭ መጥቶ አስተዳዳሪዎቹን መጠየቅ ነበር። በወር ለሁለት ቀን ተኩል ሥራ በዓመት ስድስት ሺህ ፓውንድ ገደማ ይከፈላቸው ነበር። ወንድማቸው አቶ ክሊፎርድ በእሑድ ምሳ ላይ፣ «ኤኒድዬ፣ ይሄ ደመወዝ ነው ወይስ አፍ ማስያዣ?» ብለው ቢተርቧቸው፣ «ለማንበቢያ ነው የሚከፍሉኝ፤ አንተማ ጋዜጣውንም ከኳስ ገጹ ነው የምትጀምረው» ብለው መለሱላቸው።

በኦክቶበር 2013 ለማክሰኞ ስብሰባ የሚሆን አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሰነድ ዓርብ ማታ ደረሳቸው። ባለቤታቸው በጠና ታመው ስለነበር እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። በቦርዱ ልማድ ከኋላ የሚመጡት ገጾች እንደተነበቡ ይቆጠሩ ነበርና፣ እርሳቸውም እንደ ሌሎቹ ለማጽደቅ እጃቸውን አወጡ። በገጽ 388 ላይ የማዋለጃ ክፍሉ የሌሊት አዋላጆች ከአምስት ወደ ሦስት እንደሚቀነሱ ተጽፎ ነበር። ቅነሳው በተጀመረ በአምስተኛው ሳምንት የወይዘሮ ሩክሳና ሚር ሕፃን፣ አዋላጅ እስኪደርስ ሲጠበቅ አረፈ።

ሰብሳቢው፣ «ወይዘሮ ቡዝሮይድ፣ ያጸደቅነው ሁላችን ነን፤ እርስዎን ብቻ ምን ያስጨንቅዎታል?» አሏቸው። እርሳቸው ግን ሕዝብ በተገኘበት ስብሰባ ተነሥተው፣ «ገጹን አላነበብኩትም። እጄን ግን አውጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ማዋለጃ ክፍሉ ድረስ እየሄዱ፣ አዋላጆቹ ወደ አምስት እስኪመለሱ ድረስ ወተወቱ። በ2015 የሥራ ዘመናቸው አልታደሰላቸውም።

በዚያው ዓመት ለወይዘሮ ሩክሳና የጻፉት ደብዳቤ መልስ አላገኘም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፖስተኛው በደረሰ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር። ስልክ ሲጮህ ይደነግጣሉ፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳትቀር ሁለት ሦስት ጊዜ ያነባሉ። በ2019 ባለቤታቸው ሲያርፉም፣ ከኀዘናቸው ጋር ይህ ጭንቀት አልተለያቸውም።

በ2023 የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሊያርፉ አራት ቀን ሲቀራቸው ወይዘሮ ሩክሳና ሳይጠሩ መጥተው አንድ ሰዓት ያህል ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ምን እንደተነጋገሩ ቤተሰቡ አያውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈረም። ሲወጡ ለጊሊያን፣ «ይበርዳታል፤ መስኮቱን ዝጊላት» ብቻ አሉ። ወይዘሮ ኤኒድ ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ማለታቸውን ተዉ።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ወንድማቸው አቶ ክሊፎርድም በሕይወት አሉ። ይህን ታሪክ ሳንቀንስ እንድናነብ ያዘዙን ወይዘሮ ኤኒድ ራሳቸው ናቸው፤ እያመነታን ታዘዝናቸው።

የጭንቀታቸውን ልክ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ስሙ ሳይወጣለት ያረፈውንም ሕፃን በእቅፉ ያኑርልን። አሜን።