ማሊስ ገበያ ስትሄድ አይደክማትም

ለተከበሩ የክፍለ ሀገሩ የሕፃናት ልብ ሕክምና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎ፣ ምግብዎ፣ በተለይም ልብዎ ደኅና ነውን? የልጅ ልጄ ማሊስ ጋደም ባለች ቁጥር ትንፋሽ ስለሚያጥራት የዓሣ መረብ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነው የምታንቀላፋው፤ እርስዎ ግን ተዘርግተው እንዲተኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፕራክ ሳሬት፣ በቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው መንደር የምኖር፣ ጥርሴ ያለቀ ምላሴ ግን ያላለቀ ሽማግሌ ነኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። ቀዶ ሐኪሞቹ በዓመት አንዴ ሲመጡ የትኛው ልጅ እንደሚቀድም የሚለየው መጠይቅ በቋንቋችን ተተርጉሞ፣ ከባህላችንም ጋር ተጣጥሞ ደርሶናል። ሥዕሉ ላይ ያለው ነጭ ልጅ ጠይም ሆኗል፤ ጆን የተባለው ዳራ ተብሏል፤ በረዶው ዝናብ፣ ዳቦው ሩዝ ሆኗል። ወደ መጣበት ቋንቋ ተመልሶ ቢተረጎምም አንዲት ቃል እንዳልጎደለችው ነግራችሁናል። እንኳን በሰላም ተመለሰ! የተመለሰው ግን እኛ ዘንድ ሳይደርስ ነው።

ማማረር ካልሆነብኝ ጥቂት ነገሮች አሉኝ፦

፩ኛ፦ የላኩልን ወጣት ነርስ ቪሬክ፣ "ማሊስዬ፣ ገበያ በእግርሽ ስትሄጂ ይደክምሻል?" ብሎ ጠየቃት። "ኧረ በጭራሽ!" አለችው። እውነቷን ነው፤ ገበያው ራሱ እየቀዘፈ ደጃችን ይመጣል እንጂ እኛ ወደ እርሱ ሄደን አናውቅም። "ደረጃ ስትወጪስ?" "በጭራሽ።" "ስትሮጪስ?" ልጅቷ ሳቀች። የት ትሩጥ? ከወለላችን ጫፍ ቀጥሎ ያለው ዓሣ ነው። ይህም "በጭራሽ" ተብሎ ተመዘገበ።

፪ኛ፦ "አንተ ልጅ፣ ስለ መቅዘፊያው ጠይቃት እንጂ!" ብዬ ብገባበት፣ "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መመሪያው ዘመድ እንዲናገር አይፈቅድም፤ መልሱ ይበላሻል" አለኝ። "መልሱ ይበላሽ፣ ልጅቷ ከምትሞት!" ስለው የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ።

፫ኛ፦ ልጆቻችንን እንግዳ ፊት ማማረር ነውር ነው ብለን ነው ያሳደግናቸው። "ትንፋሽ ያጥርሻል?" ሲላት እንኳ እጆቿን በአክብሮት አገናኝታ፣ በየቃሉ መካከል እያለከለከች፣ "ደኅና ነኝ፣ ወንድም ጋሼ" አለችው። ይህን የሚያውቅ ሰው ከባህል አጣጣሚዎቹ መካከል ጠፍቶ ነው፣ ወይስ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርሱ የሆቴሉ ምሳ ቀረበ?

በዚህ ሁሉ ማሊስ ከጤነኛ ልጅ የሚስተካከል ውጤት አምጥታ ስሟ ወደሚመጣው ዓመት ተሻገረ። በትምህርቷ እንዲህ ያለ ነጥብ አይታ ስለማታውቅ፣ "አያቴ፣ አንደኛ ወጣሁ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ የኔ ልጅ፣ ከኋላ አንደኛ" ብላት ሳቋ ትንፋሿን ወስዶባት፣ እስኪመለስላት ድረስ ጀርባዋን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አልቀልድም። የተጠራቀመብኝን ቀልድ ወደ እርስዎ የላክሁት ለዚህ ነውና አይቀየሙኝ።

ሐኪሞቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያው አንድ ሰው ይላኩልን፤ ወረቀት አይያዝ። ማሊስን ታንኳ ላይ ያስቀምጣትና ወደ ትምህርት ቤቷ ስትቀዝፍ ይያት። አምና ከታናሽ እህቷ ጋር ተሽቀዳድማ የምትቀድመው እርሷ ነበረች፤ ዘንድሮ የጎረቤትን ቤት ሳታልፍ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ መቅዘፊያውም ከእጇ ይወድቃል። ያን ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም።

የቢሮዎ ወለል ከቶ እንዳይወዛወዝ፣ ገበያም በእግርዎ ሲሄዱ ድካም እንዳያገኝዎ ዘወትር የምመኝ፣ እጅ ነሺ አገልጋይዎ፣

ፕራክ ሳሬት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምና በዚሁ መጠይቅ ወደ ዘንድሮ የተሻገረችው የጎረቤታችን ልጅ ሮምዱል፣ ተራዋ መድረሱን የሚገልጸው ጥሪዎ ሰሞኑን መጥቶላታል፤ እናመሰግናለን። አስከሬኗ ከተቃጠለ ወዲህ አመዷ ፓጎዳው ውስጥ፣ መነኮሳቱ ዘንድ ነው። ቪሬክ ሄዶ ቢጠይቃት ስትሄድ አይደክማትም፣ ደረጃ አይከብዳትም፣ ትንፋሽም አያጥራትም፤ ሙሉ ነጥብ ታመጣለች። ጥሪውን እናቷ ለእኔ ሰጥታኛለች። ሐኪሞቹ ዘንድ ቦታው ክፍት ነውና፣ እባክዎ ስሙን ብቻ ማሊስ ብለው ይቀይሩልን። ስም መቀየር እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።